ያውቁ ኖሯል? አንቲባዮቲክ ጅማትን ሊጎዳ ይችላል

• ሲፕሮፍሎክሳሲን ፍሎሮኪኖሎን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጅማት ሊያሳብጡና ሊበጥሱ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ከበድ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል።

• በብዛት የሚጎዳው የተረከዝ ጅማት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎችና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት አብረው የሚወስዱ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሕመሙ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊከሰት ይችላል።

• ለውሻ ከሚታዘዙት የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች አንዱ ኤንሮፍሎክሳሲን ነው። በማደግ ላይ ያሉ ቡችሎችን የመገጣጠሚያ ልም አጥንት እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በላቦራቶሪም የውሻን የጅማት ሕዋሳት ሲጎዳ ታይቷል። የሚሮጡ ውሾችን ጅማት ስለመበጠሱ ግን በሰው ላይ እንዳለው ያለ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

• ጅማት ለሯጭ ወሳኝ ነው፤ ምዕራብ ሸዋ ደግሞ የሯጮች አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን ብር ያገኘው ፈይሳ ሌሊሳ የጀልዱ ልጅ ነው።

ምክር፦ በምዕራብ ሸዋ አምቦም ይሁኑ ጉደር ወይም ጊንጪ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አይግዙ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ተረከዝዎን ካመመዎ ሩጫውን አቁመው ወዲያው ሐኪም ያማክሩ። ውሻዎን ሲያሳክሙም ዕድሜውንና የሚሮጥ መሆኑን ለእንስሳት ሐኪሙ ይንገሩ።