የታሰረ እግር ለምን ይሰልላል?

በጉና ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ እህል ተሸክሞ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ ሰውነቱን የሚገታለት የጭኑ የፊት ጡንቻ ነው። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ሲታሰርለት ፈጥኖ የሚሰልለውም ይኸው ጡንቻ ነው።

ፍጥነቱ ያስደነግጣል። የጤነኛ ወጣቶች አንድ እግር በጀሶ ታስሮ ሲለካ፣ የጭን ጡንቻ በ5 ቀን 3.5 በመቶ ያህል ሳስቶ አቅሙ 9 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ14 ቀን የመሳሳቱ መጠን ከ8 በመቶ፣ የአቅም መቀነሱም ከ20 በመቶ አልፏል። አረጋውያን ላይ ይብሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ ውለው አድረው ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል፤ ያውም ለጤነኛ ሰው ይበቃል የሚባለውን ፕሮቲን እየተመገቡ።

ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይገነባል። የሚሠራ ጡንቻ ከምግብ የመጣለትን ፕሮቲን ስቦ ለግንባታው ያውለዋል፤ ሥራ የፈታው ግን ያው ምግብ ቢቀርብለትም የሚወስደው ያንሳል፣ ለኢንሱሊንም እንደ ወትሮው አይታዘዝም። በዚህ ላይ ስብራቱ፣ ሕመሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ረኃቡ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጉታል። ኮርቲሶል ጡንቻ አፍርሶ ለጉበት ይልካል፤ ጉበትም ስኳር ይሠራበታል። በአደጋ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፍ ብልሃት ነው፤ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ጭን ያከሳል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የተባሉት መድኃኒቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰዳቸው ያሳስበኛል። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ተቃራኒ ነው፤ ሆኖም አልጋ ላይ ለዋሉ ወንዶች ሲሰጥ የጡንቻውን ሥጋ እንጂ አቅሙን አላቆየም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ የጾሙ ነገር አብሮ ይነሣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታቀልላለች፤ ብዙ እናቶች ግን አልጋ ላይ ሆነውም አይገድፉም። እምነታቸውን ሳይነኩ ጭናቸውን መመገብ ይቻላል። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ፣ በደጋው በብዛት የሚበላው ድንች በ100 ግራም 2 ግራም ቢሰጥ ነው። ገብስና ጤፍ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ሞልቶ ይተርፋቸዋል። እንጀራ በሽሮ፣ ስንዴና ባቄላ የተቀላቀለበት ንፍሮ የሚመሰገኑት ለዚህ ነው።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ለተጎዳ ወይም ለአረጋዊ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል። ይህን ሁሉ ጾሙ ከሚፈታበት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአንድ ማዕድ መጨረስ ለታመመ ሆድ ከባድ ነው። የንስሐ አባት ቢፈቅዱ፣ የጾሙን ምግብ ሳይለውጡ ጠዋትም መብላት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን መጠኑን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምግብ ብቻውን የእንቅስቃሴን ቦታ አይተካም። ሐኪሙ ሲፈቅድ በጀሶው ውስጥ ጭንን ለጥቂት ሰከንድ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ፣ ይህንንም በየቀኑ ደጋግሞ መሥራት ይጠቅማል፤ ንፍሮው ከዚያ በኋላ ሲቀርብ ጡንቻው ከፕሮቲኑ የተሻለ ድርሻ ይወስዳል።