ኮከብ የሚፈልገው ኮምፒዩተር

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቦሌ በኩል፣ አትላስ የሚባል ሠፈር አለ። ማታ ማታ መብራቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዋክብቱ በደንብ አይታዩም። በገጠር ግን ሰማዩ በከዋክብት የተሞላ ነው።

ደብዛዛ ኮከብ ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ቴሌስኮፕ ሩቁን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንዳንዱ መቆሚያው ላይ ሞተር አለው። ሞተሩ ለምንድን ነው? ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከመነጽሩ ቶሎ ይወጣል። ሞተሩ ቴሌስኮፑን ቀስ እያደረገ ያዞራል፤ ኮከቡን ይከተላል።

ነገር ግን ሞተር ብቻውን ኮከብ ፈልጎ አያገኝም። በአትላስ ሰማይ ደግሞ ደብዛዛውን በዓይን መፈለግ ያስቸግራል። መላው ኮምፒዩተር መጨመር ነው።

ለዚህ ሁለት ሞተሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያዞራል። ኮምፒዩተሩ የብዙ ከዋክብትን ቦታ በቁጥር ይዟል። መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንነግረዋለን። ቀጥሎ ሁለት የታወቁ ከዋክብት እናሳየዋለን። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ኮከብ ስንመርጥ ቴሌስኮፑን ራሱ ያዞረዋል።

ከአትላስ በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ አለ። በ2007 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች እዚያ ተመረቁ። የእያንዳንዱ መስተዋት ስፋት 1 ሜትር ነው። እነርሱም የሚዞሩት በኮምፒዩተር ነው።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ! ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ 20 ሰዓት ነው። ዝም ብለን 2 ብንጽፍለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይመስለዋል። በ6 ሰዓት ይሳሳታል ማለት ነው። በ6 ሰዓት ምድር ሩብ ዙር ትዞራለች። ስለዚህ ኮከቡ አናታችን ላይ ሳለ ቴሌስኮፑ ወደ ምዕራብ አድማስ ያያል።

ታዲያ ስሕተቱን ማን ያውቃል? ሰማዩን የሚያውቅ ሰው ነው። ሰባቱን ከዋክብት ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ ወዲያው ያውቀዋል። ኮምፒዩተር የሚሠራው የነገሩትን ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚጽፍለት፣ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነው።

ቀኑንስ ለምን ይጠይቃል? እናንተው ሞክሩት። ማታ አንድ ደማቅ ኮከብ ምረጡ። ከጎጆው ጫፍ ሲደርስ ሰዓቱን በደብተራችሁ ጻፉ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ተመልከቱ። ኮከቡ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። በ15 ቀን 1 ሰዓት ያህል ይቀድማል። ኮምፒዩተሩም የሚያሰላው ይህንኑ ነው። ጽፋችሁ አስሉት፤ ለጎረቤትም አሳዩ።