የወታደር ሚስት መሬት ማን ይረስላት?

በአማራ ክልል፣ በጉንደ ወይን ዙሪያ የጤፍ መሬት ከዘር በፊት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን በአካባቢው ባህል የወንድ ሥራ ነው። ባሏ ለውትድርና የሄደ ሴት፣ የደረሰ ልጅ ወይም ወንድም ካልረዳት፣ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ያኔ የምርቷ ግማሽ ወደ አራሹ ጎተራ ይገባል። ስለ ወታደር ሚስቶች ኑሮ ስንነጋገር ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ይህ ይመስለኛል።

አንድ ዘመን ነገሩ ታስቦበት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገበሬው በሚሊሻነት ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሠለጥን፣ የዘማቹን ቤተሰብ መሬት የማረስ ግዴታ በገበሬ ማኅበሩ ላይ ወደቀ። በዚያው ጦርነት አባታቸው ለሞተባቸው ልጆችም አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተሠራ። የማረሱ ነገር በግዴታ ስለነበር ብዙ ሰው አማሯል፤ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳም ሲጨመርበት ምሬቱ ባሰ። ደርግን ማወደሴ አይደለም። ነገር ግን እርዳታው ባሏ በሕይወት ላለ ሴት፣ በእርሻ ወቅት፣ ማሳዋ ድረስ ይመጣ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ያም ቀረ።

ዛሬ ያለው ዋናው መብት ጡረታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የሟች ሚስት የጡረታ አበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን ያገኛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚደርሳት ባሏ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም ሚስትነቷን ስታስረዳ። በገጠር ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ተፈጽሞ ያለ ወረቀት የሚኖር ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ራሱ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በባህል የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ቢሆንም ምስክር ቆጥራ ፍርድ ቤት የምትመላለሰው እሷ ናት። ባሏ በካምፑ አቅራቢያ ሌላ ትዳር ይዞ ከነበረማ ክርክሩ ይከፋል። የመሬቱ ደብተር በሁለቱም ስም መውጣቱ ግን ትልቅ መከታ ሆኗታል።

በሰሜኑ ጦርነት ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የክልሉ ግጭት ተደረበ። መንገድ ተዘጋ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ ባል በስልክ የሚልከው ገንዘብም፣ ደኅና ነኝ የሚለው ቃልም ተቋረጠ። ጦርነቱ ሰፈር ድረስ ሲመጣ የወታደር ሚስት መባሉ ራሱ ያስፈራል። እርዳታ ጠይቃ ወደ ጽሕፈት ቤት መሄዷ ማንነቷን የሚያጋልጣት ከሆነ፣ ዝም ብላ ቤቷ መቀመጥን ትመርጣለች።

ስለዚህ ጋብቻን የማስመዝገቡ ሸክም ከእሷ ላይ ይነሣ፤ ወታደሩ ገና ሥልጠና ላይ ሳለ የጦር ክፍሉ መዝግቦ ቅጂውን ለወረዳው ይላክ። እርሻውንም ቀበሌው ለአቅመ ደካሞችና ባል ለሞተባቸው ከሚያስተባብረው ደቦ ጋር ቢያደርገው፣ ማንም የማን ሚስት ናት ብሎ ሳይጠይቅ መሬቷ በወቅቱ ይታረስላታል።