«ኮንቬንሽናል ግብርና» ለሚለው ስያሜ አማርኛ አቻ ስለ መምረጥ

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አቻው በመዝገበ ቃላት ትክክል ሆኖ በማሳ ላይ ስሕተት ሊሆን ይችላል። «ኮንቬንሽናል» የሚባለው የግብርና ዘዴ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ልማዳዊ ግብርና» ይሉታል። በፊደል ሲታይ ትርጉሙ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ልማዱ የማን ነው? ስያሜው የተወለደው በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ነው፤ በዚያ የተለመደው አስተራረስ በፋብሪካ ማዳበሪያ፣ በፀረ አረምና በፀረ ተባይ ኬሚካል የሚካሄድ ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ከአባት የተወረሰው ልማድ ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ጎርፉም ውሃና ደለል ይዞ ይመጣል። በዚህም እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉትን ነባር የማሽላ ዝርያዎች ያበቅላል። ስለዚህ በዚህ አገር «ልማዳዊ ግብርና» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ከፋብሪካ ግብአት በፊት የነበረውን አስተራረስ ነው።

የስሕተቱን ክብደት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ የረጅም ዘመን የማሳ ሙከራ የ21 ዓመት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በዚህም መሠረት የኦርጋኒክ ማሳዎች ምርት ከ«ኮንቬንሽናል» ማሳዎች በ20 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ የተጠቀሙበት ማዳበሪያ ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህን «ከልማዳዊው ግብርና በ20 በመቶ ያነሰ» ብለን ብንተረጉመው፣ የቆቦ የልማት ሠራተኛ የአባቶች አስተራረስ በኦርጋኒኩ ላይ ብልጫ እንዳገኘ አድርጎ ይረዳዋል። ሙከራው ግን ስለዚያ አንዳች አልተናገረም።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ በሁለት ቃላት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የብስባሽ ሥራ ውጤት ሲመዘን ሦስት ዓይነት ማሳዎች ተነጻጽረዋል፦ ብስባሽ የተጨመረበት፣ የኬሚካል ማዳበሪያ የተጨመረበት፣ ምንም ያልተጨመረበት። ብስባሽ የተጨመረባቸው ማሳዎች በጠቅላላው ምንም ካልተጨመረባቸው እጅግ የላቁ፣ ከኬሚካሉም ጋር የሚተካከሉ ወይም የሚበልጡ ሆነው ተገኝተዋል። «ልማዳዊ» የሚለውን ቃል ለኬሚካሉ ከሰጠነው ሦስተኛው ማሳ ስም አልባ ይቀራል።

«ኦርጋኒክ»ን «ተፈጥሯዊ» ማለትም አያዋጣም። ኬሚካል ስላልነካው ብቻ ማሳ ኦርጋኒክ አይባልም፤ ብስባሽን፣ ሰብል ማፈራረቅንና ተባይን በዘዴ መከላከልን ያቀናጀ ሥርዓት መሆን አለበት። አዋጅ ቁጥር 488/1998ም «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብሎታል።

እንዲሁም «ኮንትሮል» የሚባለውን ማሳ «የቁጥጥር ማሳ» ማለት ጥበቃን እንጂ ንጽጽርን አያመለክትም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን፦

ልማዳዊ ግብርና፦ በአካባቢው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ አስተራረስ።
የኬሚካል ግብአት ግብርና፦ በፋብሪካ ማዳበሪያና በኬሚካል መከላከያ የሚካሄድ፤ ለ«ኮንቬንሽናል» አቻ።
ኦርጋኒክ ግብርና፦ የፋብሪካ ኬሚካል ሳይጠቀም የአፈርን ለምነት በታቀደ ሥርዓት የሚጠብቅ።
ማነጻጸሪያ ማሳ፦ የሙከራው ውጤት የሚመዘንበት ማሳ።

ቆቦ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ሙከራ የሚያካሂድበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተርጓሚ ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ከዘር ጋር ወደ ማሳው ይገባል።