ላፕቶፑ ታደሰ፣ ፊደሉ ጠፋ

በዋግ፣ አምደወርቅ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ቤት ያለው ላፕቶፕ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና ሲነሳ የሚያጉረመርም ሃርድ ዲስክ ነበረው። የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከየሰው ፍላሽ ለሚመጣ ቫይረስ ሁሉ በሩ ክፍት ነበር። ዘመዴ ናቸውና ጋሼ እላቸዋለሁ፤ «እስቲ ይህን ነገር አድስልኝ» ብለው የሰጡኝም ቫይረሱ ስላስቸገራቸው ነው።

ዊንዶውስ 11 እንደማይሆነው ከፕሮሰሰሩ ስም ይታወቃል። ማይክሮሶፍት ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ይሄ ማሽን ሁለቱም የሉትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የቀረው ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት፣ ያውም ቀለል ባለው ኤክስኤፍሲኢ ገጽታው። የሚጫነውን ፋይል ከባሕር ዳር በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ያየ ሰው፣ ይህን የሚያህል ነገር ዋግ ላይ አወርዳለሁ ብሎ አይነሳም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ነቅዬ አስቀመጥኩና በቦታው ኤስኤስዲ አስገባሁ። ሰነዶቹን አስቀድሜ ቀድቻቸው ነበር።

ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ጋሼ ደስ ብሏቸው የድሮ ደብዳቤ ክፈትልኝ አሉኝ። ከፈትኩት። ገጹ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደሎች፣ ቃለ አጋኖ፣ የኢሜይል ምልክት፣ የጃፓን ገንዘብ የየን ምልክት ተደበላልቀው ተዘርግተዋል። ሌላ ፋይል፣ ያው። የትምህርት ዕቅድ፣ የፈተና ወረቀት፣ የወላጆች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም ያው። የብዙ ዓመት ሥራቸው ነው።

«ቫይረስ በላው» አሉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ቫይረስ የበላው ሰነድ አንቀጹ እንዲህ ተስተካክሎ፣ የሠንጠረዡ መስመር ሳይዛነፍ አይቀመጥም። ቁጥሮቹ ደህና ናቸው። መሀል ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቃላትም አልተነኩም። የጠፋው አማርኛው ብቻ ነው።

አሮጌውን ዲስክ መልሼ ሰካሁትና በዊንዶውስ 7 ያንኑ ደብዳቤ ከፈትኩ፤ ጥርት ያለ አማርኛ። ፋይሉን ዊንዶውስ 10 ወዳለው የጎረቤት ላፕቶፕ ወሰድኩት፤ እዚያም ተመሰቃቀለ። ስለዚህ ሊኑክስ ጥፋት የለበትም፣ ፋይሉም አልተበላሸም። አሮጌው ዲስክ ውስጥ ያለ፣ ሌሎቹ ጋ የሌለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

መልሱ ያለው ከገጹ በላይ በምትገኘው የፎንት ስም ማሳያ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሊብሬኦፊስ ማሽኑ ላይ የሌለ ፎንት ሲያጋጥመው ስሙን አዘንብሎ ይጽፈዋል። የተጻፈው ከቪዥዋል ግዕዝ ቤተሰብ የአንዱ ፎንት ስም ነው፤ ድሮ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ፎንቱን ከአሮጌው ዲስክ ቀድቶ መጫንና መገላገል ይቻል ነበር፤ አድርጌውም ፊደሉ ተመለሰ። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፦ ፎንቱ ሲነሳ የሚታየው ላቲን ምንድን ነው? ፎንቱን መልሼ አነሳሁትና ከጋሼ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። እያንዳንዱ ደብዳቤ አናቱ ላይ ከቁጥር በፊት አንድ አጭር ቃል አለው፦ ትንሹ ኪው፣ ከዚያ ትልቁ ኤን። ቀጥሎ የሚመጣው የወርና የዓመት ቁጥር ነው። «ቀን!» አሉ ጋሼ። ከፊርማቸው በላይ ደግሞ ትንሹ ኤም፣ ትልቁ ኤም፣ ትልቁ ኤች፣ ትልቁ አር ተደርድረዋል። የዕድሜ ልክ ማዕረጋቸው ነውና ወዲያው ለዩት፤ መምህር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ክር ተተረተረ። ትንሹ የላቲን ፊደል ግዕዝ ነው፣ ትልቁ ሳድስ። ትንሹ ኤል ለ፣ ትልቁ ኤል ል። «ሁሉም» የሚለው ቃል ኤች፣ የመሰላል ምልክት (#)፣ ኤል፣ የመሰላል ምልክት፣ ትልቁ ኤም ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ የመሰላሏ ምልክት የካዕብ ቅጥያ ናት። ቃለ አጋኖው ሣልስን፣ የኢሜይል ምልክቱ ኃምስን ይሠራል። በቅጥያ የማይሠሩት የራሳቸው ምልክት ተሰጥቷቸዋል፤ ያ የየን ምልክት ማ ነው። ኮምፒውተሩ አማርኛ ጽፎ አያውቅም ነበር። ያኖረው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ከላይ የፊደላችንን ሥዕል ያለብሰዋል።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ ማወቅ ለሠሪዎቹ ያለኝን አክብሮት ጨመረው። የያኔው ፎንት በአንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለመቆጣጠሪያ ኮድ የተያዘ ነው። 33ቱ ፊደሎች በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ አኃዙ ሲጨመሩ አይገባም። አንዱ ብልሃት ሆሄን በአካልና በቅጥያ ከፍሎ ሁለቱን ማጋጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ፍሥሐ አጥላው እና ዶ/ር አበራ ሞላ አማርኛን በኮምፒውተር ሲያስጽፉ ዓለም ለፊደላችን ቦታ አልመደበለትም ነበር። ቦታው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው፤ ሀ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ቁጥርን ያዘ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም። ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ይዞ መጣ። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ኖቶ እና አቢሲኒካ አሉ፤ በየትኛውም ይታይ በየትኛው፣ ፊደሉ ራሱ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል።

ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ለዋግ ትልቅ ነገር ነው። በዋግ የአገው ቋንቋ በኽምጣና ውስጥ አማርኛ የሌለው ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለ፤ ሌላው የአገው ቋንቋ አውጚ በስሙ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ዓይነት። የጘ ቤተሰብ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። የታደሰው የጋሼ ማሽንም ያሳየዋል።

ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ጀመርን። በሊብሬኦፊስ «ፈልግና ተካ» ይቻላል፣ ሦስት ነገር ካልተጠበቀ ግን ሥራው ይበላሻል። አንደኛ፣ ጥንዶቹ መቅደም አለባቸው፤ ኤል ብቻዋን ቀድማ ለ ከሆነች የሉ መሰላል ያለ አካል ትቀራለች። ሁለተኛ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልን የሚለየው ምርጫ መከፈት አለበት፤ አለዚያ ለ እና ል አንድ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ፍለጋው በአሮጌው ፎንት በተጻፈው ክፍል ብቻ መወሰን አለበት፤ አለዚያ ሰነዱ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ሁሉ ትርጉም የለሽ አማርኛ ይሆናል።

አሮጌ ላፕቶፕ ለማደስ ከተነሱ እባክዎ ሰነዶቹን ብቻ አይቅዱ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ማኅደርም ይቅዱ። ዲስኩ ተጠርጎ ፎንቱ ከጠፋ፣ ደብዳቤውን የሚያነበው ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ተቆልፎ የተቀመጠ ስንት ቃለ ጉባኤ እንዳለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የጋሼ ደብዳቤዎች ተለውጠው አልቀዋል። የፈተና ወረቀቶቹ ግን በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የራሱ አቀማመጥ አለው፣ ትንሹ ኤል እዚያ ለ አይደለችም። ጋሼ ደብተር አውጥተው አዲስ ሠንጠረዥ አስምረዋል፤ ዛሬም «ቀን» ከሚለው ቃል እንጀምር ብለዋል።