የወረታ የሩዝ ገለፈትና የገበያው ጥራጊ ማዳበሪያ ስለሚሆንበት መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚገነጠለው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የምትገኘው ወረታ፣ ለእህል ነጋዴ እንግዳ አይደለችም። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ሩዝ እየተፈለፈለ ወደየገበያው የሚጫነው ከዚሁ ነው። ነጋዴው ሩዙን ጭኖ ከሄደ በኋላ በመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ስለሚቀረው ገለፈት ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው። ይኸውም 100 ኩንታል ያስፈለፈለ ሰው 20 ኩንታል ግድም ገዢ የሌለው ነገር ያስቀራል ማለት ነው። ጭዱን ከብት ይበላዋል፤ ገለፈቱ ግን ለመኖነት እምብዛም አይረባም። በዚህ ላይ የበሰበሰው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የምግብ ቤቱም ትርፍራፊ ይጨመርበታል።

መንግሥት በዚህ ነገር ላይ ሕግ ካወጣ ቈይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ጥራጊ ከሚጣለው እንዲለይ ያዛል። በ2009 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ከከተማ ጥራጊ ኮምፖስት የማዘጋጀት ሥራ ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች እንዲካሄድ ተወሰነ። ወረታ ከስድስቱ አንዷ አይደለችም፤ ሆኖም ባሕር ዳር ከእርሷ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ሄዶ ለማየት ለሚፈልግ ነጋዴ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ማብላላት፣ ማለትም ባዮጋዝ ነው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ግድም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሲጀመር 14 ሺሕ ጉድጓዶች ለማሠራት አስቦ ነበር፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠሩት ግን ከ8 ሺሕ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ቢሆንም አሠራሩ የሚናቅ አይደለም። ጥቂት ከብት ያለው ገበሬ እበቱን ከእኩሌታ ውኃ ጋር በጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ቢያፈስ፣ ጋዙ ለምጣዱና ለመብራቱ ይሆናል፤ ዝቃጩም ወደ ማሳው ይመለሳል። እበቱን ኩበት አድርጎ ያነደደው ግን ያገኘው እሳቱን ብቻ ነው፤ ማሳው ከዚያ ያገኝ የነበረው ቀርቶበታል።

ለገለፈቱ ግን ጉድጓዱ አይስማማውም፤ ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ በቀላሉ አይብላላም። ከእበትና ከእርጥብ የገበያ ጥራጊ ጋር ተደባልቆ፣ እየተገላበጠ በክምር ሲበሰብስ ይሻለዋል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ለክምሩ አየር ያስገባለታል፤ የሽንኩርቱንም ውኃ ይመጥለታል።

ስለ እምቦጭ ደግሞ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይህ አረም ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በጣና ታይቶ የፎገራን ዳርቻ አስጨንቋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻም ብዙ ሰው በእጁ አውጥቶታል። ኮምፖስት ይሆናልን? አዎን፣ ይሆናል። ነገር ግን ከክብደቱ ከመቶ 90 የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ ሩቅ ማጓጓዙ ኪሳራ ነው። ዘሩም ለብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቈይ፣ ክምሩ በሚገባ ሳይግል ማዳበሪያ ተብሎ ቢሸጥ አረሙን በገንዘብ ገዝቶ ወደ ሌላ ውኃ መውሰድ ይሆናል። ስለዚህ ስለ እምቦጭ ጥድፊያ አይበጅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ከመቶ አንድ ናይትሮጅን ያለው ኮምፖስት ይህንኑ ለማስገኘት 46 ኩንታል ያስፈልጋል። ስለሆነም ኮምፖስት በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ማዳበሪያ ይተካል የሚል ነጋዴ ቢኖር ደንበኛውን ያሳስታል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያስይዛል፣ ዩሪያውም በከንቱ እንዳይባክን ያግዛል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር የተቸገረ ገበሬ ይህ ይገባዋል።

እንግዲህ ከባድና ርካሽ ዕቃ የረዥም መንገድ ኪራይ አይችልም። የወረታ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ ገለፈቱ ከሚከመርበት እስከ ሩዙ ማሳ ያለው መንገድ አጭር ነው። የመፈልፈያ ባለቤቶች ኅብረት አበጅተው ከማዘጋጃ ቤቱ የክምር ቦታ ቢጠይቁ፣ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ አካፋና መንሽ ነው፤ ከባዱ ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ይሆናል።

ሥራውን የሚያበላሸው ፌስታልና ስባሪ ጠርሙስ ነው። ጆንያ ከፍቶ ብርጭቆ ያገኘ ገበሬ ሁለተኛ አይገዛም። ባለሱቁ በደጃፉ ሁለተኛ ቅርጫት ቢያኖር ወጪው ጥቂት ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ደግሞ ሁለቱን መልሶ እንዳይቀላቅል ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል።