ቀለሙ ያለ ቦታው ሲላጥ፣ በቦታው ደግሞ አልላጥ ሲል

ለሰኔ 13ቱ የዓለም የስደተኞች ቀን ተማሪዎቻችን ሁለት ሞዴሎች ሠርተው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንደኛው በሐርጌሳ መሀል ከተማ ከመደብ ላይ የቆመው የሚግ 17 አውሮፕላን ሲሆን ሁለተኛው የውሃ ቦቴ ነበር። ከበዓሉ በፊት በነበረው ምሽት የአውሮፕላኑ የግራ ክንፍ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ ወረደ። ልጆቹ ያረጀ እንዲመስል ብለው ሊልጡት የደከሙበት የቦቴው ጎን ደግሞ ጨርሶ አልላጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጆች ስለጠየቁን፣ የተማርነውን በዚህ ጽሑፍ ለማካፈል ወደናል።

በመጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ለምን እንደመረጥን እንግለጽ። የምንኖርበት 31 ሜይ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ ከገቡበት ከእ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1988 ነው። ከዚያ በኋላ የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደበደቡ። ሕዝቡም በመቶ ሺዎች እየሆነ ወደ አገራችን ተሰደደ፤ ሐርቲሼክ የተባለው መጠለያም በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ለመሆን በቃ። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሐርቲሼክ ውሃ አልነበረውም፤ ውሃው ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመላለስ ነበር። እንግዲህ አውሮፕላኑ የእነርሱ ለቅሶ ነው፤ ቦቴው ደግሞ እነርሱም እኛም የምናውቀው ነገር ነው። ስለሆነም ሥራው የልጆች ጨዋታ ብቻ አልነበረምና በቀለም ምክንያት መሳቂያ እንዲሆን አልፈለግንም።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። ቀለም ሳይፈለግ ሲላጥ የወደቀውን ቅርፊት አትጣሉት፤ አንሥታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ጀርባው ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለሙ ቆርቆሮውን አልያዘውም ማለት ነው፤ ቅባት ነበረበት ወይም ሳይፋቅ ተቀብቷል። ጀርባው ዱቄት የያዘ እንደሆነ ከሥሩ አቧራ ነበር። የላይኛው ቀለም ብቻ ተነሥቶ የታችኛው ከቀረ፣ ጥፋቱ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ነው፤ የታችኛው በጣም ለስላሳ ነበር ወይም አልደረቀም ነበር።

የእኛ ክንፍ ቅርፊት ጀርባው እንደ መስተዋት ነበር። ክንፉ የተቆረጠው ከአዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት ዚንኩና ዘይቱ እየተዋሃዱ በመካከላቸው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጠራል፤ ቀለሙም ጥቂት ቆይቶ በቁሙ ይገፈፋል። መድኃኒቱ ቆርቆሮውን በአቼቶ አሽቶ፣ በውሃ አለቅልቆ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ፣ የመጀመሪያውን ቅብ በውሃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም ማድረግ ነው። ከምግብ ዘይት ጣሳ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ በዓይን የማይታይ ቅባት በስፌቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በእጃችሁ መዳፍ አትንኩት። ወፍራም ቅብ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሌላው የተለመደ ጥፋታችን ነው። የላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ኋላም ይጨማደዳል። ስስ ቅብ፣ ጥላ፣ ትዕግሥት።

አሁን ሆን ተብሎ ስለሚላጠው እንናገር። ሞዴላችን ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ነው። የሚግ 17 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ከ63 ሳንቲም ስለሆነ በእኛ ዘንድ 20 ሳንቲም ይሆናል። በዚሁ ሒሳብ በሞዴሉ ላይ ያለች 1 ሚሊሜትር ጭረት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ወደ 5 ሳንቲም ትጠጋለች። ልጆቹ የጣት ጥፍር የሚያህል ልጣጭ ሲያደርጉ ግማሽ ሜትር ቀለም ገፈፉ ማለት ነው! ከመላጥ በፊት ማባዛት ይቀድማል። (የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለምን ለቀለም ዋለ ላሉን ወላጆች መልሳችን ይኸው ነው።)

ከመጠኑ ሌላ ከሥር የሚታየው ነገር ትክክል መሆን አለበት። አንድ ተማሪ አውሮፕላኑን ቀይ ዝገት በዝገት አድርጎት ነበር። የአውሮፕላን ገላ ግን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ቀለሙ ሲለቅ ብርማ ሆኖ ይታያል፣ ሲከርም ይደበዝዛል። ቀይ ዝገት የቦቴው፣ የብረቱ ነው። የተላጠውም ቦታ በዘፈቀደ አይበተንም፤ እጅና እግር የሚነካው፣ መካኒክ የሚወጣበት፣ ክዳን የሚከፈትበት ጠርዝ ነው የሚላጠው።

ብርማውን ለማውጣት በጣም የሚቀለው የፀጉር ስፕሬይ ነው። መጀመሪያ ብርማ የዘይት ቀለም ቀብታችሁ ሁለት ቀን አድርቁ። ስፕሬዩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ሲደርቅ የላይኛውን ቀለም በፕላስቲክ ቀለም ቀቡ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቦታውን በውሃ አርጥቡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ውሃው ገብቶ ስፕሬዩን ሲያሟሟው ቀለሙ በትንንሹ ይነሣል። አልላጥ ያለን ቦቴ ችግሩ ይኸው ነበር፤ ልጆቹ ከላይ የዘይት ቀለም ስለቀቡ ውሃው አላልፍ አለ። ቀለሙ ወፍሮ ወይም አንድ ቀን አድሮ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በአንድ ጊዜ ሰፊ ሆኖ መነሣት ከጀመረ ግን ውሃው በዝቷልና ቆም በሉ፤ ይድረቅ። ሥራው ሲያልቅ ስስ ቨርኒሽ የግድ ነው። ስፕሬዩ ከሥር እስካለ ድረስ ላብ ያለው እጅ ሁሉ መላጡን ይቀጥላል።

ስፕሬይ ለመግዛት አቅም ለሌለን ደግሞ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆነጠረች ስፖንጅ ትበቃለች። ቀለም አስነክታችሁ፣ በወረቀት ላይ እስክትደርቅ ደጋግማችሁ መትታችሁ፣ ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ለቀጭን ጠርዝ የተማሪ እርሳስ ራሱ ብረት ያስመስላል። እኛ በግላችን ከስፕሬዩ ይልቅ ይህን እንመርጣለን፤ እጅ ካልበዛበት አያሳፍርም።

ለዝገቱ እውነተኛ ዝገት ከአሮጌ ብረት ፍቃችሁ፣ በነጠላ ጨርቅ ነፍታችሁ፣ በቀጠነ ቨርኒሽ ለውሱት። ዝናብ እንደሚወርድ ከላይ ወደ ታች ይሳብ። ለጥላና ለእድፍ የሚሆነውን በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ያፈሰሰ ግን ሥሩን አሟሞ ሁሉንም ያበላሻል፤ በደረቀ የፕላስቲክ ቀለም ላይ ይሁን። ስፕሬይም አኳራጅም እሳት ይወዳሉና ከምድጃ ርቃችሁ፣ ደጅ ሆናችሁ ሥሩ።

ቦቴውን እንደገና ስንቀባ፣ ልጆቹ «ኤዶ» የሚሏቸው ጎረቤታችን መጥተው አዩት። በልጅነታቸው ሐርቲሼክ ነበሩ። ልጆቹ ቀለሙን የላጡት በፊት ለፊቱ መከላከያ ላይ ነበር። እርሳቸው ሞዴሉን አንሥተው ወደ ኋላው አዞሩና በቧንቧው ዙሪያ ያለውን በጣታቸው አሳዩን። «ኧረ እዚህ ነው! እኛ ልጆቹ እዚህ ነበር የምንንጠለጠለው፤ ጀሪካን እያጋጨን። ቀለም የሚባል አልነበረውም» አሉ። ስፖንጁን ለትንሹ ተማሪ ሰጠነው፤ እርሳቸው እያሳዩ እርሱ ነካ ነካ አደረገው። የፊቱን መከላከያ መልሰን ቀባነው።